ስሙን ያወጣው ማን ነው? «ደብተራ የኢትዮጵያ ጠንቋይ ነው» ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጠንቋዮችና አስማተኞች በልዩ ልዩ ሕዝቦች ዘንድ ስላላቸው ስፍራ የሚያትት አንድ ረጅም ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ለእኔም ደርሶኝ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሉት ሲጠቃለል አምስት ነገር ነው። ጠንቋይ በየትም አገር አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ሽማግሌ፣ ጢማም፣ በትር የያዘና ምሥጢር የሚያውቅ። የኢትዮጵያው ጠንቋይ ደግሞ ደብተራው ሲሆን መቋሚያው የአስማት በትሩ ነው። ክታብ በምሥጢር ቋንቋ የተጻፈ ድግምት ነው። ሰውን «ጠንቋይ ነህ» ብሎ ማሳደድ የአውሮፓ በሽታ እንጂ እኛን የነካ ነገር አይደለም። የመድረክ አስማተኞች ከመጡ ወዲህም የጥንቱ ሁሉ ማታለል እንደነበረ ታውቋል። በዚህ ላይ ተመሥርተው ለልጆች በሚዘጋጁ ሥዕሎችና ተረቶች ደብተራው ሾጣጣ ቆብ ደፍቶ «የእኛው ጠንቋይ» ሆኖ እንዲቀርብ ይመክራሉ።

ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ እንዳልሆነ ይሰማኛል፤ ጸሐፊው የአገራችን ባህል በዓለም ተረት ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ መሻታቸው ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን መነሻቸው ስለተሳሳተ ያከበሩ እየመሰላቸው ያቃለሉት ብዙ ነው። ስለዚህ ሐሳባቸውን በተራ እያነሣሁ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያው ልጀምር። ጠንቋይ በየአገሩ አንድ ነው የሚለውን አባባል የሚያፈርሰው ራሱ አማርኛ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18ን የተረጎሙ ሊቃውንት ምዋርተኛ፣ ሞራ ገላጭ፣ አስማተኛ፣ መተተኛ፣ በድግምት የሚጠነቁል፣ መናፍስት ጠሪ፣ ጠንቋይ፣ ሙታን ሳቢ እያሉ አንዱን ከአንዱ ለይተው ደርድረዋል። ከዚህ ሌላ ኮከብ ቆጣሪ፣ ጠጠር ጣይ፣ ባለዛር፣ ባለውቃቢ፣ መድኃኒተኛ የሚባሉ አሉ። ሕዝቡ እነዚህን የለየው ቃል ስለተረፈው ሳይሆን ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ ነው። መተተኛ ሥራውን የሚማር ሰው ነው፤ ቡዳ ግን በሚያምኑበት ሰዎች ዘንድ በዘር የሚወረስ እንጂ የሚማሩት አይደለም። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በደቡብ ሱዳን አካባቢ የሚኖሩት አዛንዴዎች ይህንኑ ልዩነት እንደሚያደርጉ በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሲያሳይ በዘርፉ እንደ ትልቅ ነገር ተቆጥሮለታል፤ የእኛ ባላገር ግን ያለ መጽሐፍ ሲለየው የኖረው ነገር ነው።

ጸሐፊው የዓለም ጠንቋዮች ሁሉ አባት ያሏቸው የፋርስ «ማጎስ» ነገርም ከዚህ ይያያዛል። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ማጎስ ከስድስቱ የሜዶን ነገዶች አንዱ ሲሆን በመሥዋዕትና በሕልም ፍቺ የሚያገለግሉ ካህናት የሚወጡበት ነበር። ግሪኮች ከፋርስ ጋር በጠላትነት በኖሩበት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ግን ቃሉ በእነርሱ አፍ አታላይ ማለት ሆነ፤ በአቴና መድረክ ላይም አንዱ ሌላውን የሚሰድብበት ቃል ሆኖ ተሰማ። በአገሩ ካህን የነበረው በባላንጣው ቋንቋ አስማተኛ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመኝ ቃሉ እኛ ጋ ሲደርስ የሆነው ነው። የማቴዎስ ወንጌል የግሪክኛው ቅጂ ሕፃኑን ለማየት ከምሥራቅ የመጡትን «ማጎስ» ይላቸዋል፤ አማርኛው «ሰብአ ሰገል» ብሎ ስማቸውን በገና መዝሙር እንድናነሣው አድርጎ አክብሯቸዋል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ደግሞ ኤልማስን በዚያው ቃል «ማጎስ» ይለዋል፤ አማርኛው «ጠንቋዩ ኤልማስ» ይለዋል። ግሪክኛው አንድ፣ አማርኛው ሁለት። ተርጓሚዎቹ ተሳስተዋል አልልም፤ ሰገድ ያለውንና የተቃወመውን በአንድ ስም መጥራት ስላልወደዱ ነው። ይህ ግን «ጠንቋይ» የሚለው ስም የሰውየውን ሥራ ብቻ ሳይሆን የሰያሚውን አቋም ጭምር እንደሚናገር በግልጽ ያሳያል።

ሩቅ ሳንሄድ የ«ቃልቻ»ን ነገር እንይ። በኦሮሞ ዘንድ «ቃሉ» የሚባለው የተከበረ የሃይማኖት አባት ነው፤ ምርቃቱን የሚሹ ሰዎች ረጅም መንገድ ተጉዘው ይሄዱለት ነበር። ይህ ስም «ቃልቻ» ሆኖ ወደ አማርኛ ሲገባ ግን መናኛ ስድብ ሆነ። ግሪኮች በፋርስ ካህናት ላይ ያደረጉትን እኛም በጎረቤታችን ላይ አድርገነዋል። ጸሐፊው ስለ ዓለም ጠንቋዮች ሲጽፉ ቃልቻን ያለ አንዳች ማመንታት ከአታላዮች ተርታ ማሰለፋቸው አሳዝኖኛል።

ስለ ጢሙና ስለ ሽምግልናው ብዙ አልናገርም። የእንግሊዞች ስመ ጥሩ ጠንቋይ መርሊን በ12ኛው ክፍለ ዘመን በላቲን በተጻፈው የብሪታንያ ነገሥታት ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ ብቅ የሚለው አባት የሌለው ብላቴና ሆኖ ነው፤ ነጭ ጢሙና ሾጣጣ ቆቡ ኋላ የተጨመረለት ነው። ሽማግሌ ከተፈለገ የግብፁ ጄዲ አለ። በርሊን ውስጥ በሚገኝ አንድ ጥንታዊ ፓፒረስ ላይ እንደተተረከው ጄዲ 110 ዓመት የሞላው፣ በቀን 500 ዳቦና የበሬ ወርች በልቶ 100 ማሰሮ ቢራ የሚጠጣ ሰው ነበር። የተቆረጠ ራስ መልሶ እንደሚገጥም የሰማው ንጉሥ ኩፉ እስረኛ አምጡና ይሞከርበት ሲል ጄዲ በሰው ላይ አላደርገውም ብሎ ንጉሡን ይከለክለዋል፤ ጥበቡን የሚያሳየው በዝይ ነው። ጥንታዊ ግብፃውያን ይህን ሰው ሲተርኩት ከንጉሡ ይልቅ ለሰው ነፍስ የሚጠነቀቀው እርሱ ነው። በሌላ በኩል በኦሪት ዘፀአት ከሙሴ ጋር የተወዳደሩትና በአማርኛው «የግብፅ ጠንቋዮች» የተባሉት የዕብራይስጥ ስማቸው፣ ብዙ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት፣ ከግብፃውያን የካህናት ማዕረግ የመጣ ነው። እዚህም ያው ነው፤ በአገሩ ካህን፣ በባላንጣው መጽሐፍ ጠንቋይ።

አሁን ወደ ደብተራው ልምጣ፤ ጽሑፉ ዝም ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝ ይህ ክፍል ነው።

ደብተራ ማለት በግእዝ ድንኳን ማለት ነው፤ የእስራኤል ማደሪያ ድንኳን «ደብተራ ኦሪት» እንደሚባለው ሁሉ። ቅዳሴ ለመቀደስ ክህነት ያስፈልጋል፤ ደብተራው ማኅሌት ለመቆም ግን የሚያስፈልገው ትምህርት ነው። ያ ትምህርት ደግሞ ዕድሜ ይበላል። ልጁ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ከቤቱ ይወጣል፤ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ይበላል፤ ቅኔ ለመቁጠር ጎጃም ይወርዳል፤ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕቱን ለመማር ዙር አምባ፣ አቋቋሙን ለመጨረስ ጎንደር ይሄዳል። ድጓ ብቻውን ዓመታት ይፈጃል፤ ምልክቱን ከነዜማው በቃል መያዝ ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ሊቀ ጠበብት» ተባለ «መሪጌታ» ያገኘው ስም በጉሮሮውና በጉልበቱ የከፈለበት ነው። ይህን ሰው በአንድ ቃል «ጠንቋይ» ማለት ያንን ትምህርት ቤት በሙሉ እንዳልነበረ ማድረግ ነው።

መቋሚያው የአስማት በትር ነው መባሉ በተለይ ያሳምማል። ስሙ እንደሚናገረው መቋሚያ የሚቆሙበት ነው። ማኅሌት ከሌሊት ጀምሮ እስከ ንጋት ስለሚቆም ሰውየው አገጩን ወይም ብብቱን ያሳርፍበታል። በዝማሜ ጊዜ ደግሞ መቋሚያው ከዜማው ጋር ከፍ ዝቅ፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ምቱን ይጠብቃል፤ ከበሮና ጸናጽል ይከተሉታል። ቄሱም ይይዘዋል፤ ጉልበታቸው የደከመ ባልቴቶችም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ይይዙታል። የአያቴ መቋሚያ ላዩ ላይ ያለው መስቀለኛ እጀታ በመዳፏ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቅ ነበር። በእርሱ የሠራችው ተአምር ቢኖር በ80 ዓመቷ ሙሉ ሰዓተ ቅዳሴ ቆማ ማስቀደሷ ነው።

ድግምት የሚደግሙ፣ ዐውደ ነገሥት የተባለውን የጥንቆላ መጽሐፍ የሚገልጡ፣ መስተፋቅር የሚጽፉ ደብተራዎች የሉም አልልም፤ አሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱም ስታወግዛቸው ኖራለች። ነገር ግን ማንበብና መጻፍ የጥቂቶች ሀብት በነበረበት አገር የተጻፈ ነገር የፈለገ ሁሉ፣ ለበጎም ይሁን ለክፉ፣ የሚሄደው ወደ ጸሐፊው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ሲከለክሉ ከዘረዘሯቸው ስድቦች መካከል ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለውን ደብተራ ማለት ይገኙበታል። ጸሐፊው እንደ ባህላዊ እውነት ያቀረቡት ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በንጉሥ አዋጅ እንደ ስድብ ተቆጥሮ የተከለከለውን ነው።

«ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከ«ጠቢብ» ነው። እንግሊዝኛውም «ዊዛርድ» የሚለውን ያወጣው ጠቢብ ከሚለው «ዋይዝ» ነው። እኛም «አዋቂ ቤት ሄደ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ይታወቃል። እውቀት ያለው ሰው ሲፈራ ስሙ እንዲህ ይለወጣል።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ክታብ ነው። ጸሐፊው ክታብ ገልጠው ያነበቡ አይመስለኝም፤ ስለዚህ አንዱን ልግለጥላቸው። አያቴ እናቴን ከመውለዷ በፊት ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባታል፤ ሾተላይ ናት ተባለች። በቀይ ቆዳ ተሰፍቶ በአንገቷ ታስረው የነበረውን ክታብ ከሞተች በኋላ እናቴ ስፌቱን ፈትታ ስትዘረጋው አጠገቧ ነበርሁ። ሦስት ቁራጭ ብራና በቀጭን ጠፍር ተያይዞ ጠባብና ረጅም ሆኗል፤ ቁመቱ ከሰው ቁመት ጋር የሚተካከል ነው፤ መላ ሰውነትን ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ታስቦ የሚሠራ ነውና። ላይኛው ጫፍ ላይ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ አለ፤ መሐል ላይ ባለ ስምንት ጨረር ኮከብና በመካከሉ ዓይኖቹ የፈጠጡ ፊት አለ። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ሆኖ መጀመሪያውና ስሞቹ በቀይ ናቸው። የመጀመሪያው መስመር «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ይላል። የምሥጢር ቋንቋ የተባለው ግእዝ ነው፤ በየሳምንቱ የምንሰማው።

ከዚያ የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ይቀጥላል። ወርዝልያ የምትባል አጋንንታዊት ሴት ልጁን ስትገድልበት ሚስቱ ታለቅሳለች፤ እርሱ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ጦሩን ይዞ ይከተላታል፤ ጎኗን ሲወጋት ስሙ ባለበት ቦታ ዳግመኛ እንዳትደርስ ትምላለች። የዚህ ጽሑፍ ነገር ልጇ የሞተባት እናት ሐዘን ነው። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ታሪኩን ግን ከየኔታ ሰምታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታውቀዋለች። ስሟ «ለአመትከ ወለተ ማርያም» ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ሻካራ ነው፤ አስቀድሞ ሌላ ስም ነበረበት፤ ተፍቆ የእርሷ ተጽፎበታል። ከእርሷ በፊት ያንን ብራና ያሰረችው ሴት ማን እንደነበረች የሚያውቅ ሰው የለም። ልጆቿ ተርፈውላት ይሆን እያልሁ እስከ ዛሬ አስባታለሁ።

ትርጉማቸው የማይታወቅ ቃላት በክታብ ውስጥ እንዳሉ እውነት ነው። «አስማት» በግእዝ «ስሞች» ማለት ሲሆን በብዙ ቁጥር የተደረደሩ ስሞች የክታብ ዋነኛ ክፍል ናቸው። ከእነዚህ መካከል «ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ» የሚሉት አምስቱ ቅንዋተ መስቀል እየተባሉ በቤተ ክርስቲያን ጭምር ይጠራሉ። እነዚህ ቃላት «ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ» ከሚለው የላቲን ባለ አምስት ቃል አራት ማዕዘን ጽሑፍ የመጡ ናቸው፤ ያ ጽሑፍ በ79 እ.ኤ.አ. በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ ግድግዳ ላይ ተገኝቷል። ከጣሊያን ከተማ ግድግዳ ተነሥተው፣ ባሕርና በረሃ አቋርጠው፣ አያቴ አንገት ላይ አድረዋል። ጸሐፊው በባህሎች መካከል ያለውን መመሳሰል ከፈለጉ ቆብና ጢም ከመቁጠር ይልቅ ይህን ቢመረምሩ የሚያገኙት ይበዛል። ክታቦቻችን በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ፣ ኋላም በ1931 እና በ1933 እ.ኤ.አ. መካከል በተደረገው የማርሴል ግሪዮል ጉዞ ከጎንደር እየተሰበሰቡ ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ መሄዳቸውም ሊዘነጋ አይገባም፤ እኛ የጠንቋይ ወረቀት ብለን የናቅነውን እነርሱ ቁጥር ሰጥተው አስቀምጠውታል።

አራተኛው ነጥብ ሰውን በጠንቋይነት ማሳደድ የአውሮፓ ብቻ ነው የሚለው ነው። አውሮፓ ያደረገችው በእርግጥ አስከፊ ነው፤ ከ15ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከ40,000 እስከ 60,000 የሚገመቱ ሰዎች ተገድለዋል፤ የሚበዙትም ሴቶች ናቸው። በአሜሪካ ሳሌም በ1692 እ.ኤ.አ. 19 ሰዎች ተሰቅለው አንድ ሽማግሌ ደግሞ በድንጋይ ተጭነው ሞተዋል። ስዊዘርላንድ ውስጥ አና ጎልዲ የተባለች የቤት ሠራተኛ በ1782 እ.ኤ.አ. አንገቷ ተቀልቶ ንጽሕናዋ የታወጀው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

ነገር ግን እኛስ? የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ንጉሡ ሕዝቡ ዲያብሎስንና ደስክ የተባለውን ጣዖት የካደ መሆኑን የሚገልጽ ቃል በእጁ፣ የሥላሴን ስም በግንባሩ እንዲጽፍ ማዘዛቸውን፣ የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው ሳይቀሩ ጣዖት አምልከዋል ተብለው በነገር ሠሪዎች ተከሰው በጽኑ መቀጣታቸውን ይተርካል። ይህ የሆነው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ አውሮፓ ውስጥ ማሳደዱ ገና ሲጀምር ነው። በጋና ሰሜን ጋምባጋ በሚባለው ስፍራ ጠንቋይ ተብለው ከመንደራቸው የተባረሩ አሮጊቶች ዛሬም ተጠልለው ይኖራሉ።

በእኛ ዘንድ ግን ከዘርዐ ያዕቆብም ይልቅ የከበደው የየቀኑ ነው። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራው፣ ሸክላ ሠርታ እንስራ የምታወጣው፣ እንዲሁም በእነዚህ ሙያዎች ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል «ቡዳ» እየተባሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ፣ ጋብቻና መሬት ተከልክለው ኖረዋል። የኔታን እጅ ስማ ክታቧን የምትቀበለው አያቴ፣ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማርና፣ በሸክላ ሠሪዋ ደጅ ስታልፍ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር። የምንጠጣበት እንስራ፣ የምንጋግርበት ምጣድ የዚያች ሴት እጅ ሥራ ነው። ሴትዮዋ ምንም አልተማረችም፣ ምንም አልደገመችም፣ ምንም አልጻፈችም። የተጻፈውን በአንገቷ ያሰረችው አያቴ ናት፤ «ቡዳ» የተባለችው ግን ሸክላ ሠሪዋ ናት። ጸሐፊው እኛን አልነካንም ሲሉ የረሱት እንደ እርሷ ያሉትን ነው።

አምስተኛውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። የመድረክ አስማተኞች ያደረጉት ማጋለጥ ብቻ አይደለም። እውነት ነው፣ በ1584 እ.ኤ.አ. ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ የተቆረጠ ራስ እንዴት ሲናገር እንደሚታይና ሌሎች የእጅ ቅልጥፍናዎችን የገለጠው በጠንቋይነት የሚከሰሱ ድሆችን ለማዳን አስቦ ነበር። ነገር ግን በ1856 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት ሮቤር ኡዳን የተባለውን ምትሃተኛ ወደ አልጄሪያ የላከው የፈረንሳይ ጥበብ መራቡት ከሚባሉት የአገሬው የእስልምና ሃይማኖት አባቶች ጥበብ እንደሚበልጥ አሳይቶ ሕዝቡን እንዲያስገብር ነው። ጎልማሳው አልጄሪያዊ ማንሣት ያቃተው ትንሽ ሣጥን ከታቹ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዞ ነበር። እዚህ ላይ ማታለሉ የማን ነው? ሣጥኑ ከበደኝ ብሎ የደነገጠውን ሞኝ፣ ማግኔቱን የደበቀውን ሥልጡን ማለት አይቻልም።

ለልጆች ሥዕል ይሠራ ስለተባለው ግን ሐሳቡን አልጠላሁትም። ከተሣለ ደበሎ የለበሰ ልጅ፣ ከጎጆው በር በጭራሮ እሳት ብርሃን ድጓውን ሲቀጽል ይሣል፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ምልክት ቢስት ሲያርሙት ይታዩ። ልጁ አድጎ ማኅሌት ሲቆም በእጁ የያዘው መቋሚያ ነው፤ በራሱም ላይ ያለው ሾጣጣ ቆብ ሳይሆን ነጭ ጥምጥም ነው።